ማስተርስ አለኝ፣ የዲግሪ ጂፒኤዬ ግን ዝቅተኛ ነው፤ አሜሪካ ሎው ስኩል እገባለሁ?

ዛሬ አሜሪካ ያላችሁ ልጆች ደጋግማችሁ የምታነሱትን ጥያቄ እናያለን።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ሌሊት ሥራ፣ ቀን ክፍል፣ በመሐል ደግሞ ሀገር ቤት የሚላክ ገንዘብ። በመጨረሻ 2.5 ይዞ መመረቅ። ከዓመታት በኋላ ረጋ ተብሎ ማስተርስ ተጀመረና በ3.9 ተጠናቀቀ። አሁን ጠበቃ መሆን ተፈልጓል። "የማስተርሱ ውጤት የድሮውን አይሸፍንልኝም ወይ?"

አይሸፍንም። ይሄን ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ለሎው ስኩል ብቻ ብሎ፣ ጂፒኤ ለማሻሻል ማስተርስ የሚጀምር ሰው አለ። ብዙ ሺህ ዶላር የሚያስወጣ ስህተት ነው። በሩ ተዘግቷል ማለት ግን አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ጄዲ ለሚባለው የሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት የሚያመለክት ሰው ማስረጃው የሚያልፈው ኤልሳክ በሚባል ተቋም በኩል ነው። ኤልሳክ ከተማራችሁባቸው ኮሌጆች ሁሉ ትራንስክሪፕት ይሰበስብና ጂፒኤውን በራሱ ስሌት እንደገና ያወጣል። የሚቆጥረው ታዲያ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን እስከያዛችሁበት ቀን ድረስ የወሰዳችሁትን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ማስተርስም ይሁን ዶክትሬት፣ ትራንስክሪፕቱ ለትምህርት ቤቱ ይላካል፣ ይነበባል፤ ቁጥሩን ግን አይነካም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። ኖቫ ወይም ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጀምራችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተዛወራችሁ ከሆነ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ውጤትም ይደመራል። ዩኒቨርሲቲው ክሬዲቱን ብቻ ወስዶ የራሱን ጂፒኤ ከዜሮ ጀምሮላችሁ ሊሆን ይችላል፤ ኤልሳክ ግን እንደዛ አያደርግም። ኤፍ አግኝታችሁ ደግማችሁ የወሰዳችሁት ኮርስም፣ ሁለቱም ውጤት ትራንስክሪፕቱ ላይ ከነክሬዲቱ ካለ፣ ሁለቱም ይቆጠራል። ስለዚህ ዲፕሎማችሁ 2.8 ቢልም የኤልሳኩ ቁጥር 2.6 ሊሆን ይችላል። በጎ ጎንም አለው፤ ኤ ፕላስ እንደ 4.33 ይቆጠራል፣ ተራ ደብልዩ (ኮርስ ማቋረጥ) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም።

ገና ያልተመረቃችሁ ካላችሁ ይሄን ልብ በሉ። 60 ክሬዲት በ2.2 ጨርሳችሁ የቀረውን 60 በ3.8 ብትጨርሱ ድምሩ 3.0 ይሆናል። ከተመረቃችሁ በኋላ ያው 60 ክሬዲት በ4.0 እንኳን ቢመጣ ለውጡ ዜሮ ነው።

ለምንድነው ትምህርት ቤቶቹ አንድ ቁጥር ላይ እንዲህ ሙጭጭ የሚሉት? በአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር (ኤቢኤ) እውቅና ያለው ሎው ስኩል ሁሉ የገቢ ተማሪዎቹን ጂፒኤና የፈተና ውጤት በየዓመቱ ለሕዝብ ማሳወቅ አለበት። የሚያሳውቀው አማካይ ሳይሆን ሚዲያን ነው፤ ተማሪዎቹን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ብትደረድሯቸው መሐል ላይ የሚቆመው ልጅ ማለት ነው። የታችኛውና የላይኛው ሩብም አብሮ ይወጣል። በደረጃ ሰንጠረዦች ላይ የሚገባውም ይሄው ሚዲያን ስለሆነ ትምህርት ቤቶቹ እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁታል።

አሁን ደስ የሚለው ጋ ደረስን። ሚዲያኑ 3.7 የሆነ ትምህርት ቤት ለሚዲያኑ ሲል 3.5 ያለውንና 2.6 ያለውን ለይቶ አያይም፤ ሁለቱም ከመስመሩ በታች ናቸው። ከመስመሩ በታች ያለን ሰው ሲቀበል ግን በሌላኛው ቁጥር መካስ ይፈልጋል። ሌላኛው ቁጥር ኤልሳት ነው። ጂፒኤው ዝቅ፣ ኤልሳቱ ከፍ ያለ አመልካች በአመልካቾቹ ቋንቋ "ስፕሊተር" ይባላል፤ በየዓመቱ የሚገቡም አሉ።

ስለዚህ የእናንተ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚወሰነው በኤልሳት ነው ብል አላጋነንኩም። ፈተናው ከ120 እስከ 180 ነው የሚታረመው፤ መሐል ላይ ያለው ተፈታኝ ከ150 ትንሽ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ሎጂክ ጌምስ የሚባለው ክፍል ቀርቷል፤ አሁን የሚታረሙት ሁለት የሎጂክ አመክንዮ ክፍሎችና አንድ የንባብ ክፍል ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 35 ደቂቃ። የማይታረም አንድ የሙከራ ክፍልም አለ፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይነገራችሁም። ነፃ የልምምድ ፈተናዎች ሎውሃብ በሚባለው የኤልሳክ ድረ ገጽ ላይ ታገኛላችሁ። በሁለት ሳምንት ጥናት የሚገፋ ፈተና አይደለም፤ ወራት ይፈልጋል። ሰዎች ደግመው ይፈተናሉ፣ ትምህርት ቤቶቹም የሚያሳውቁት ከፍተኛውን ውጤት ነው። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ መጀመሪያ ለክፍያ ነፃ አመልክቱ፤ ፈተናው ብቻውን ከ200 ዶላር በላይ ነው።

ታዲያ ማስተርሱ ምንም አይጠቅምም? ይጠቅማል፣ ግን እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ምስክር። ማስተርስ ላይ ቢ እንኳን እንደ ዝቅተኛ የሚቆጠርበት ቦታ ብዙ ስለሆነ 3.9 ብቻውን መራጮቹን አያስገርማቸውም። ጽሑፋችሁን ያነበበ ፕሮፌሰር "ይሄ ልጅ ከባድ ነገር አንብቦ በግልጽ መጻፍ ይችላል" ብሎ የሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ ግን ክብደት አለው። የማስተርሱ ዓይነትም ይለያል። ኢንጂነሪንግ ወይም ሳይንስ ከሆነ የፓተንት ሕግ በር ይከፍታል፤ በአሜሪካ የፓተንት ቢሮ ፊት ለመቆም የሚያስመዘግበው ፈተና የቴክኒክ ትምህርት ይጠይቃልና። ይሄን ማመልከቻችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት።

ከዚያ አደንደም የምትባለው አጭር ማብራሪያ አለች። ዝቅተኛ ጂፒኤ ይዞ ዝም ማለት አይመከርም። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ ምን ሆነ፣ መቼ ጀመረ፣ መቼ አበቃ፣ ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ። "በሳምንት 40 ሰዓት እየሠራሁ ቤተሰብ እረዳ ነበር፤ ሥራ በቀነስኩበት ዓመት ውጤቴ ወደ 3.6 ወጣ" የሚል ዓረፍተ ነገር ከሦስት ገጽ ምሬት ይበልጣል። የኤልሳክ ሪፖርት ጂፒኤውን በየዓመቱ ከፋፍሎ ስለሚያሳይ የምትሉትን አንባቢው እዚያው ያየዋል። ሐሰት ግን በፍጹም! የጠበቃ ፈቃድ ስትጠይቁ ፀባያችሁ ይመረመራል፣ የሎው ስኩል ማመልከቻችሁም አብሮ ሊታይ ይችላል።

የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን ኢትዮጵያ የሠራችሁ ደግሞ ጨዋታችሁ ሌላ ነው፤ ይሄን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ኤልሳክ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ላለ ዲግሪ ጂፒኤ አያሰላም። ትራንስክሪፕቱ ተገምግሞ "የላቀ"፣ "ከአማካይ በላይ"፣ "አማካይ" ወይም "ከአማካይ በታች" የሚል መግለጫ ይሰጠዋል። ቁጥር ስለሌለ የትምህርት ቤቱን የጂፒኤ ሚዲያን አትጎዱም። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ2.6 ተመርቃችሁ እዚህ ማስተርስ የሠራችሁ ልጆች፣ እዚሁ 2.6 ካመጣ ሰው ይልቅ ሸክማችሁ ቀላል ሊሆን ይችላል። መግለጫው ይነበባል፣ ኤልሳቱም ያው አብዛኛውን ጊዜ ይጠየቃል።

ገንዘቡንም አስቡት። ዝቅተኛ ጂፒኤ ያለው ሰው ስኮላርሺፕ ሲሰጠው "ውጤትህ ከዚህ ከወረደ ይቀነሳል" የሚል ሁኔታ ሊኖርበት ይችላል። ትምህርት ቤቱ የስንት ተማሪ ስኮላርሺፕ እንደቀነሰ የማሳወቅ ግዴታ ስላለበት ከመፈረማችሁ በፊት 509 የሚባለውን ሪፖርቱን ክፈቱ። እንደ ልብ ያበድር የነበረው ግራድ ፕላስም እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ይቀራል፤ የፌዴራል ብድሩ ለሕግ ተማሪ በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ተገድቧል።

ማመልከቻ በአብዛኛው የሚከፈተው በሴፕቴምበር አካባቢ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደደረሰ እያዩ ስለሚቀበሉ ቀድሞ ያስገባ ይጠቀማል። ሀገር ቤት የተማራችሁ ትራንስክሪፕቱን ከሁሉም በፊት ጀምሩት፤ ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ የሚከታተልላችሁ ዘመድ ካለ አሁኑኑ ደውሉለት።