የማንጎ እርሻ የአፈር ለምነት በጋምቤላ ክልል

የማንጎ እርሻ የአፈር ለምነት አያያዝ ማለት ዛፉ በየዓመቱ ከመሬት የሚወስዳቸውን ንጥረ ነገሮች የመተካትና አፈሩን ከመታጠብ የመጠበቅ ሥራ ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ በሚገኘው የጋምቤላ ክልል ማንጎ በጋምቤላ ከተማ ግቢዎች፣ በባሮ ወንዝ ዳርቻና በአቦቦ ወረዳ ይበቅላል። ዛፉ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአንድ ቦታ ስለሚኖር እንደ በቆሎ ማሳውን በማፈራረቅ ማሳረፍ አይቻልም።

የአየር ጠባይ

ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ሞቃት ቆላ ናት። ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል። እንደ ኮክና ፖም ያሉ የደጋ ፍራፍሬዎች ለማበብ የተወሰነ የብርድ ጊዜ ስለሚፈልጉ ለዚህ አካባቢ አይስማሙም። ማንጎ ግን ሙቀትን ይወዳል፤ ከዝናቡ በኋላ የሚመጣው ደረቅ ወቅትም እንዲያብብ ይረዳዋል።

የአፈር ዓይነቶች

ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ ወንዞች በምሥራቅ ካለው ከፍተኛ መሬት ደለል ይዘው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። በወንዝ ዳር ያለው ደለል አፈር በጎርፍ ስለሚታደስ ለም ነው። የአኙዋ ገበሬዎች ውኃው ሲሸሽ በዚሁ እርጥበት በቆሎ የሚዘሩት ለዚህ ነው። ሜዳው ላይ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ውኃ ሲተኛበት ሥሩ አየር ያጣል፣ ከናይትሮጅኑም ከፊሉ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ይጠፋል። ስለዚህ በዋልካ ላይ ውኃ ማፋሰሻ ቦይ ከማዳበሪያ ይቀድማል። ዝናብ በሚበዛበት በመዠንግር ዞን በኩል ያለው ቀይ አፈር ወደ አሲዳማነት ያደላል። በእንዲህ ዓይነት አፈር ፎስፈረስ በብረትና በአሉሚኒየም ስለሚያዝ ለሥሩ አይደርስም። ለማንጎ ተስማሚ የሚባለው የፒኤች መጠን ከ5.5 እስከ 7.5 ነው።

ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች

ናይትሮጅን ቅጠልና ቅርንጫፍ ያሳድጋል። ከአበባ በፊት ሲበዛ ግን ዛፉ በአበባ ፈንታ አዲስ ቅጠል ያወጣል። ፎስፈረስ ለሥር፣ ፖታሲየም ለፍሬው መጠንና ጣዕም፣ ቦሮንና ዚንክ ፍሬ ለመያዝ ያስፈልጋሉ። የካልሲየም እጥረት ከፍሬው ውስጣዊ መበስበስ ጋር ይያያዛል።

ከፍሬው ጋር ከእርሻው በብዛት የሚወጣው ፖታሲየም ነው። በኢትዮጵያ በስፋት ሲሠራጩ የቆዩት ዩሪያና ኤንፒኤስ ግን ፖታሲየም የላቸውም። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ይዟል፤ ኤንፒኤስ ደግሞ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ድኝ አለው። በእነዚህ ብቻ የሚታገዝ እርሻ የተወሰደበትን ፖታሲየም አይተካም። የምድጃ አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም ስላለው ክፍተቱን በከፊል ይሞላል። ይሁን እንጂ አሲዳማነትን ስለሚቀንስ ከመጠን በላይ መጨመር የለበትም።

እሳት፣ ፍግና ምስጥ

በክልሉ በበጋ ሣር ማቃጠል የተለመደ ነው። ሣሩ ሲቃጠል ናይትሮጅንና ድኝ ወደ አየር ይወጣሉ፤ የሚቀረውን አመድ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሊያጥበው ይችላል። ስለዚህ በዛፎቹ ዙሪያ እሳት መከላከያ ማጽዳት ግንዱን ብቻ ሳይሆን አፈሩንም ይጠብቃል።

ፍግ በሁሉም ቦታ እኩል አይገኝም። የኑዌር ሕዝብ ብዙ ከብት ያረባል። የቆላ ዝንብ በሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ በሚጠቁ አካባቢዎች ግን ከብት ጥቂት ነው። እዚያ አማራጩ ከቅጠል፣ ከአገዳና ከቤት ጥራጊ የሚዘጋጅ ኮምፖስት፣ እንዲሁም በዛፎቹ መካከል ኦቾሎኒ ወይም ማሾ መዝራት ነው። እነዚህ ሰብሎች በሥራቸው ካሉ ባክቴሪያዎች ጋር ሆነው የአየር ናይትሮጅንን ለአፈሩ ያተርፋሉ። የሣር ጉዝጓዝ እርጥበት ይይዛል፤ ምስጥ እንዳይስብ ግን ከግንዱ ራቅ ተደርጎ ይነጠፋል።

ጊዜና አጨማመር

ማዳበሪያ የሚጨመረው በግንዱ ሥር ሳይሆን የቅርንጫፎቹ ጫፍ ጥላ በሚያርፍበት ዙሪያ ነው፤ መጋቢ ሥሮች በብዛት የሚገኙት በዚያ አካባቢ ነው። ዋናው ጊዜ ከለቀማ በኋላ ሲሆን፣ ዝናብ እንዳያጥበው ለሁለት ከፍሎ መስጠት ይመረጣል። ለምሳሌ አንድ ዛፍ 460 ግራም ናይትሮጅን እንዲያገኝ ቢፈለግ 1 ኪሎ ግራም ዩሪያ ያስፈልጋል። ይህም ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው።

መጠኑን ለመወሰን የአፈርና የቅጠል ምርመራ ይረዳል። በማንጎ ቅጠል ውስጥ ከ1.0 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆን ናይትሮጅን በአብዛኛው በቂ ተደርጎ ይወሰዳል። ምርመራ በማይገኝበት ቦታ ምልክቶች ይታያሉ። የአሮጌ ቅጠሎች መገርጣት የናይትሮጅን፣ የጫፋቸው መቃጠል ደግሞ የፖታሲየም እጥረትን ሊጠቁም ይችላል። ማንጎ አንድ ዓመት በዝቶ በሚቀጥለው አንሶ የማፍራት ጠባይ ስላለው ብዙ ፍሬ በተለቀመበት ዓመት የሚሰጠው ማዳበሪያ ዛፉ ቶሎ እንዲያገግም ያግዛል።