የሃያ አንድ አኃዙ ቁጥር ታሪክ

147,573,952,589,676,412,927። ይህ ሃያ አንድ አኃዝ ያለው ቁጥር የሚገኘው 67 ሁለቶችን እርስ በርሳቸው አባዝተን ከውጤቱ ላይ 1 ስንቀንስ ነው።

እንደሚታወቀው ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። 7 ከሦስት ሁለቶች፥ 31ም ከአምስት ሁለቶች ብዜት 1 ተቀንሶ የሚገኙ ብቸኛ ቁጥሮች ስለ ሆኑ፥ የትልቁ ቁጥራችን ታናናሽ ወንድሞች ልንላቸው እንችላለን። ነገር ግን የወንድማማች ሁሉ ጠባይ አንድ አይደለም፤ ከ11 ሁለቶች የሚገኘው 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው።

ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን ሜርሴን በ1644 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም ላይ፥ እስከ 257 ድረስ ብቸኛ ቁጥር የሚያስገኘው የሁለቶች ብዛት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ነው ብሎ ጻፈ። ማረጋገጫ ግን አልሰጠም። ሜርሴን ከዴካርትና ከፌርማ ጋር የሚጻጻፍ የተከበረ ሰው ነበርና፥ 67ም በዝርዝሩ ውስጥ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተከብሮ ኖረ።

በ1876 ዓ.ም. ኤዱዋር ሉካ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ፥ አካፋይ ሳይፈልግ ቁጥርን የሚፈትንበት ብልሃት አግኝቶ፥ ይህ ቁጥር ብቸኛ አለመሆኑን አስታወቀ። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ይህ ነው። አካፋይ እንዳለው ታወቀ፤ አካፋዩ ማን እንደ ሆነ ግን አልታወቀም። ሌባው ቤት ውስጥ መኖሩ ተረጋግጦ መልኩ እንዳልታየ ማለት ነው።

ፍለጋው ጨርሶ በጨለማ አልነበረም። ቁጥሩን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ሁሉ፥ 1 ሲቀነስለት ለ134፥ ይኸውም ለ67 እጥፍ፥ ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ደንቡ በታናሹ በ2,047 ላይ ይታያል፤ ከ23 እና ከ89 አንድ አንድ ስንቀንስ 22 እና 88 ይቀራሉ፥ ሁለቱም ለ11 እጥፍ ይካፈላሉ። እንዲህም ሆኖ 135፣ 269፣ 403 እያለ ተራ በተራ የሚሞክር ሰው ትክክለኛውን የሚያገኘው 1,445,580ኛው ላይ ሲደርስ ነው! በእጅ ለሚያሰላ ሰው ይህ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው።

አሜሪካዊው የሒሳብ መምህር ፍራንክ ኔልሰን ኮል ግን ብዙውን ሙከራ አስቀድሞ የሚያስቀር ዘዴ ይዞ ተነሣ። በኦክቶበር 1903 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በተደረገው የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ውጤቱን አቀረበ። ኤሪክ ቤል በ1951 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው፥ ኮል አንድ ቃል ሳይናገር በሰሌዳው ላይ የ67ቱን ሁለቶች ብዜት አስልቶ 1 ቀነሰ፤ ቀጥሎም በባዶው ቦታ 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። ኮልም ወደ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ፥ ተሰብሳቢውም አጨበጨበ። ኋላ ቤል ስንት ጊዜ እንደ ፈጀበት ሲጠይቀው፥ የሦስት ዓመት እሑዶች ብሎ መለሰለት ይባላል። ታሪኩ በትረካ ሳይዳብር አልቀረም፤ ብዜቱ ግን ማንም በእርሳስ ሊፈትነው የሚችል ነው። ሥራው ስምንት ረድፍ ብቻ ነው፥ ከ193,707,721 አኃዞች አንዱ ዜሮ ነውና። አንባቢም እንዲሞክረው እንጋብዛለን።

ከሜርሴን ዝርዝር 257ም ወጥቷል። የተረሱትም ገብተዋል፤ 61ን ሩሲያዊው ቄስ ኢቫን ፔርቩሺን በ1883 ዓ.ም.፥ 89ን እና 107ን ደግሞ አሜሪካዊው ራልፍ ፓወርስ በ1911 እና በ1914 ዓ.ም. አረጋገጡ። ዝርዝሩ በሙሉ ተጣርቶ ያለቀው በ1947 ዓ.ም.፥ ከተጻፈ ከ303 ዓመት በኋላ ነው።