ጭሱን ወረስን፣ ትምህርቱንስ?

ኅዳር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል ክብረ በዓል ነው። በዚያው ዕለት በየከተማው ደጃፍ ይጠረጋል፣ ጥራጊው በየመንደሩ ተከምሮ እሳት ይለቀቅበታል፣ ሰማዩም በጭስ ይሸፈናል። ይህንኑ «ኅዳር ሲታጠን» እንለዋለን። ልጆች በእሳቱ ዙሪያ ይጫወታሉ፤ አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። ከጭሱ በስተጀርባ ያለውን ታሪክ የሚያነሣ ግን በየዓመቱ እያነሰ የሄደ ይመስለኛል። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ዘመኑ 1911 ዓ.ም. ነበር። በአውሮፓ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ያበቃው ኅዳር 2 ቀን ነው። መድፉ ዝም ሲል ግን ከመድፍ የከፋ ገዳይ በየአህጉሩ ይዞር ነበር። ዓለም «የስፔን ጉንፋን» አለው። በሽታው ከስፔን ስለ መነሣቱ ማስረጃ የለም፤ ስሙን ያተረፈለት ስፔን በጦርነቱ ገለልተኛ ስለ ነበረች ጋዜጦቿ ወሬውን ሳይደብቁ መጻፋቸው ነው። ተዋጊዎቹ አገሮች ግን የሠራዊታቸው ሞራል እንዳይነካ ዜናውን ያፍኑት ነበር። ሊቃውንት እንደሚገምቱት በዓለም 500 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሟል፤ የሞተውም 50 ሚሊዮን ይደርሳል። ከሌላው ጊዜ ጉንፋን የሚለየውም ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ብቻ ሳይሆን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን፣ ቤት የሚያቆሙትን ጎልማሶች ማጨዱ ነው።

እኛ ዘንድ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና አንድ ዓመት ከምናምን ቢሆነው ነው። ባህር ማዶ የነበረው ነገር ሁሉ፣ በጎውም ክፉውም፣ በቀናት ውስጥ መሐል አገር የሚደርስበት ዘመን ተከፍቶ ነበር። በመናገሻይቱ ብቻ የሞተው ሰው ከ5,000 እስከ 10,000 እንደሚደርስ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ በጽኑ ታመው ተርፈዋል። ሐኪሙ በጣት የሚቆጠር ነበር። ቀባሪ ጠፋ፣ ለቅሶ ቀረ፣ ገበያው ተፈታ።

በዚያ መከራ ውስጥ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲተኛ ውኃ የሚቀዳ፣ እሳት የሚያነድ፣ አጥሚት የሚያቀምስ አይገኝም። እንዲህ ባለው ቤት በሽታው ያልጨረሰውን ጥምና ረኃብ ይጨርሰዋል። በኢንፍሉዌንዛ ዘመን የጎረቤት አለመኖር ራሱ የሞት ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ሕዝቡ ባወቀው መጠን ተከላከለ። በሽታ ከክፉ አየር ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበርና ደጁን ጠርጎ ጥራጊውን አቃጠለ፣ አጠነ። ኢንፍሉዌንዛን የሚያመጣው ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ሆነ በዚህ ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። ዛሬ ግን እናውቃለን። ጭስ ቫይረሱን አይገድልም፤ እንዲያውም የታመመን ሳንባ ያስጨንቃል። ደጅን ማጽዳቱ ለብዙ ነገር ይበጃል፤ ጉንፋን ግን በሳልና በማስነጠስ፣ በተዘጋ ቤት አየርና በእጃችን ነው የሚተላለፈው።

አሁን ፊታችንን ወደ ከፋ እንመልስ። የቀድሞው የከፋ መንግሥት ዳር ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በኬላ አጥሮ ይኖር ነበር። በረኛ ያልፈቀደለት አይገባም፤ የውጭ ነጋዴም እንደ ልቡ በአገሩ አይዘዋወርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር አገሩን ይዞ የመጨረሻውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን እስከ ማረከበት ጊዜ ድረስ ሥርዓቱ ይህ ነበር። ቦዩ የተቆፈረው ለጦር እንጂ ለበሽታ አይደለም። ሆኖም ከኅዳር በሽታ ጋር አያይዤ ሳስበው አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ በር ዘግቶ መዳን ይቻላል ወይ?

በ1911 ዓ.ም. የሆነ የሩቅ አገር ታሪክ መልስ ይሰጣል። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ሁለት ጎረቤት የሳሞአ ደሴቶች ነበሩ። ምዕራባዊት ሳሞአ በሽተኛ የጫነች መርከብ አስገባች፤ ከሕዝቧ አምስተኛው እጅ ያህል በጥቂት ወራት አለቀ። በአሜሪካ አስተዳደር ሥር የነበረችው ሳሞአ ግን ወደቧን ዘጋች፤ በበሽታው የሞተባት ሰው እንደሌለ ተመዝግቧል። እንግዲህ በር መዝጋት ይሠራል። የሚሠራው ግን ለደሴት ነው።

ቦንጋ ደሴት አይደለችም። ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ብትርቅም የምትኖረው በመንገድ ነው። ቡናዋ የሚለቀመው ኅዳርን ጨምሮ በመኸሩ ወራት ነው፤ ለቃሚው ከየቀበሌው ይሰበሰባል፣ ነጋዴው ከጅማና ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ የጭነት መኪናው ሌሊትም ቀንም ይመላለሳል። ያን ጊዜ የሲራራ ነጋዴ በበቅሎ ሳምንታት የፈጀበትን መንገድ ዛሬ የአንድ ቀን ጉዞ ይጨርሰዋል። ቡና የሚወጣበት መንገድ በሽታ የሚገባበትም መንገድ ነው። እንግዲህ የከፋ ኬላ ዛሬ ሊቆም የሚችለው በድንበር ላይ ሳይሆን በየቤቱ ደጃፍ ነው።

ይህን በ2012 ዓ.ም. ሁላችንም ቀምሰነዋል። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር፣ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በወሩ መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እኔ በምሠራበት የባንክ ዘርፍ በየበሩ የእጅ መታጠቢያ በርሜል ተተከለ፣ ሰልፉ ተራራቀ። ቀኑን ሙሉ ብር የሚቆጥር ሰው እጅ ስንት እጅ እንደሚነካ ያውቃል፤ ስለዚህ ያ በርሜል ለእኔ ጌጥ አልነበረም። ወሬው ሲቀዘቅዝ ግን በርሜሉ ደረቀ፣ ሳሙናውም ጠፋ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ እኛ ደግሞ ጅቡ ዞር ሲል ውሻውን አሰናበትነው።

የአበው ምክር ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። ቅጠሉ ደግሞ በእጃችን አለ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ቦንጋም የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አላት። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። ያሳለው ሰው አፉን በክንዱ ቢሸፍን፣ ያተኮሰው ከገበያና ከለቅሶ ቤት ቢቀር፣ መስኮት ቢከፈት፣ የቡናው ሲኒ በፈላ ውኃ ቢለቀለቅ ብዙ ወጪ የለበትም። አንቲባዮቲክ ቫይረስን እንደማይገድል አውቀን ከመድኃኒት ቤት በራሳችን ፈቃድ ባንገዛ፤ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ነባር ሕመም ያለበት ሰው መተንፈስ ሲቸግረው ደግሞ «ጉንፋን ነው» ብለን ሳናቆይ ወደ ጤና ጣቢያ ብናደርሰው ነፍስ ይድናል።

ከሁሉ በላይ ግን እድራችንን አስባለሁ። እድር ድንኳን አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ የአባላት መዝገብ አለው፣ ጥሩምባ ነፊ አለው። ሰው ሲሞት በሰዓታት ውስጥ መንደሩን ያንቀሳቅሳል። ይህ ሁሉ አደረጃጀት ለሞተ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል። በመዝገቡ ላይ አንድ ተጨማሪ ገጽ ቢኖር ምን ይጎዳል? ብቻውን የሚኖረው ማን ነው? ታሞ ቢተኛ ውኃ የሚያቀብለው የትኛው ጎረቤት ነው? ሳንተነፋፈስ ከደጁ ላይ ምግብ አስቀምጠን የምንመለሰው በማን ተራ ነው? በኅዳር በሽታ ዘመን የጎደለው ከመድኃኒቱ በተጨማሪ ይህ ገጽ ነበር። መድኃኒቱን ማምረት ከቦንጋ አቅም በላይ ይሆናል፤ ገጹን መጻፍ ግን የአንድ እሑድ ስብሰባ ሥራ ነው።

ኅዳር በመጣ ቁጥር ደጁ ሲታጠን፣
ጭሱ ብቻ አይሁን ከአያት የቀረን፤
ውኃ የሚያቀብል አጥቶ ያንቀላፋ፣
አደራ ብሎናል ጎረቤት እንዳይጠፋ።

ለከርሞው ኅዳር በጤና ያድርሰን።