ብሽሽቅ የት ላይ ነውር ይሆናል?

ኳስ ሜዳ ገብቶ ዝም ብሎ የሚወጣ ተመልካች የለም። ያጨበጭባል፣ ይዘፍናል፣ ዳኛውን ይረግማል፣ ለተቃራኒው በረኛ ስም እያወጣ ያበሽቃል። ይህ ሁሉ የኳስ ቅመም ነው፤ ያለዚህማ ስታዲየሙ ለቅሶ ቤት ይመስላል። ነገር ግን ከዚያው አፍ፣ በዚያው ዜማ፣ ሰውን በዘሩ የሚያዋርድና በሙታን የሚሳለቅ ቃል ሲወጣ እንሰማለን። ተሳዳቢዎቹም ሲጠየቁ «እንዴ፣ ቀልድ እኮ ነው!» ይላሉ። እንግዲህ ቀልዱ የት አብቅቶ ነውሩ የት ይጀምራል? ብዙ ሰው ድንበሩን በቃሉ ብልግና ይለካዋል። እኛ ግን የነገሩን ታሪክ ስንመረምር ድንበሩን ሌላ ቦታ አግኝተነዋል።

ከራሳችን አገር እንጀምር። በጨዋታ ሜዳ መሰዳደብ ከእንግሊዝ የመጣ ዕቃ አይደለም። እግር ኳስ ሳይታወቅ ገና ነበረ። ታኅሣሥ 29 ቀን አገሬው በሁለት ወገን ይከፈልና የገና ዱላውን ይዞ ጥንጓን ሲያሳድድ ይውላል። የተጫዋቹ ብዛት አይወሰንም፣ ሜዳውም ዳርቻ የለውም። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሸነቁጠዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ በዚያች ዕለት ሎሌው በጌታው ላይ ቢገጥም፣ ጌታው መቆጣት ነውር የሚሆንበት መሆኑ ነው።

በፊውዳላዊ ኅብረተሰብ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የከረመው ስድብ ለአንድ ቀን ከታች ወደ ላይ ይወጣል። የዚህ ፈቃድ ምስጢር፣ እንደምናየው፣ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጊዜ አለው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። ሁለተኛ፣ መልስ አለው፤ ዘንድሮ የተሰደበ ለከርሞ አሸንፎ ይመልሳል። ሦስተኛ፣ ጉልበት የሌለው ጉልበተኛውን የሚነካበት እንጂ ጉልበተኛው ደካማውን የሚረግጥበት አይደለም። የገና ግጥም ሁሉ ንጹሕ ነበር አንልም፤ ዱላውም ራስ ይፈነክት ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ ቀልድን ያለ ወሰን አልፈቀደም፤ ለክቶ ነው የፈቀደው።

ዘመናዊው እግር ኳስ አዲስ አበባ ላይ በወግ ሲደራጅ አዲስ ነገር መጣ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ የገቡት ቡድኖች አምስት ነበሩ። ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ አራራት የአርመኖች፣ አምስተኛው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ገና ላይ ወገን የሚከፈለው ለዕለቱ ነበር። እዚህ ግን ማልያው ገና ከጅምሩ ሕዝብ ተሸክሞ ነው የሚሮጠው። ማልያውን እሰድባለሁ ያለ ሰው ከጀርባው ያለውን ሕዝብ ለመስደብ የቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነው።

ያቺ አንድ እርምጃ ወዴት እንደምታደርስ በሰነድ ተመዝግቦ የምናገኘው ኳስን ለዓለም ካስተማረችው ከእንግሊዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ጥቁር ተጫዋቾች ኳስ በነኩ ቁጥር በሺህ የሚቆጠር ተመልካች የዝንጀሮ ድምፅ ያሰማባቸው፣ ሙዝም ይወረውርባቸው ነበር። የሊቨርፑሉ ጆን ባርንስ እ.ኤ.አ. በ1988 በኤቨርተን ሜዳ የተወረወረበትን ሙዝ በተረከዙ ሲመታ የተነሣው ፎቶግራፍ የዚያ ዘመን ምስክር ሆኖ ቀርቷል። ያን ጊዜም «ተጫዋቹን ከጨዋታው ለማስወጣት ነው እንጂ ክፋት የለውም» የሚሉ አልጠፉም። ነገር ግን ባርንስን «ኳስ ማቀበል አትችልም» ብትለው በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥሩ አድርጎ አቀብሎ ያሳፍርሃል። በቆዳው ብትሰድበውስ በምን ይመልስልህ? መልስ የሌለው ስድብ ጨዋታ ሊሆን አይችልም። ደግሞም ስድቡ ባርንስ ላይ አይቆምም። ያንኑ ቆዳ ይዞ ከተሳዳቢው አጠገብ የቆመውን፣ ትኬት ገዝቶ የገባውንም ሰው ይመታል።

ሁለተኛው የሙታን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1958 የማንቸስተር ዩናይትድን ቡድን የያዘው አውሮፕላን ሙኒክ ላይ ተከስክሶ 23 ሰዎች ሞቱ፤ ስምንቱ ተጫዋቾች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1989 ደግሞ ሂልስቦሮ በተባለው ስታዲየም በተፈጠረው መጨናነቅ የሊቨርፑል ደጋፊዎች አለቁ፤ የሟቾቹ ቁጥር በመጨረሻ 97 ደርሷል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት አንዱ ወገን እጁን እንደ አውሮፕላን ክንፍ ዘርግቶ ሲዘፍን፣ ሌላው በተጨፈለቁት ላይ ግጥም ሲገጥም ኖረ። ነገሩ ስላልበረደ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የሁለቱ ክለቦች አሠልጣኞች፣ የርገን ክሎፕና ኤሪክ ቴን ሃግ፣ ደጋፊው እንዲተው በአንድነት እስከ መለመን ደረሱ። ልብ በሉ፤ በእነዚህ ዝማሬዎች ውስጥ አንዳንዴ አንድም ባለጌ ቃል የለም። እጅን መዘርጋት ብቻ ይበቃል። ድንበሩ በቃሉ ብልግና አይለካም ያልነው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁለቱ ይረቃል። የለንደኑ ቶተንሃም ከአይሁድ ጋር የተያያዘ ስም ስለነበረው ተቃራኒ ደጋፊዎች አይሁድን በሚያዋርድ ቃል ይጠሩት ነበር፤ የናዚን የጋዝ ክፍል ለማስታወስ በአፋቸው የሚያፏጩም ነበሩ። የቶተንሃም ደጋፊዎች፣ አይሁድ የሆኑትም ያልሆኑትም፣ ቃሉን ከጠላት ቀምተው የራሳቸው መጠሪያ አደረጉት። ጀግንነት ነው? ወይስ ቁስልን መነካካት? ክለቡ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 ደጋፊዎቹ ከቃሉ ቀስ በቀስ እንዲርቁ ጠይቋል። ከዚህ የምንማረው ያው አንዱ ቃል ከሁለት አፍ ሲወጣ አንድ እንደማይሆን፣ ነገር ግን ባለቤቱ የፈቀደው ቃልም ባለቤት ያልሆነውን ጎረቤት ሊያደፋፍር እንደሚችል ነው።

ሕግስ ምን አደረገ? እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ሕግ በስታዲየም የዘረኝነት ዝማሬ ማሰማት ወንጀል ሆነ። ነገር ግን ሕጉ «ዝማሬ» ያለው ከሌላ ሰው ጋር አብሮ የሚባለውን ብቻ ስለነበር፣ ለብቻው የጮኸ ሰው ያመልጥ ነበር። ቀዳዳው የተደፈነው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስኮትላንድ ደግሞ የሴልቲክና የሬንጀርስን የሃይማኖት ስድድብ ለማስቆም እ.ኤ.አ. በ2012 ጠንከር ያለ ሕግ አወጣች። ሕጉ ግልጽ አይደለም፣ ደጋፊን ብቻ ለይቶ ይቀጣል ተብሎ ብዙ ተቃውሞ ስለገጠመው እ.ኤ.አ. በ2018 ተሻረ። እንግዲህ ሕግ ያስፈልጋል፤ ግን ፖሊስ አፍን ሁሉ ሲጠብቅ ሊውል አይችልም።

ይህን ሁሉ የምናወራው የእንግሊዝን ገበና ለማውጣት አይደለም። እኛው አገር በ2010 ዓ.ም. ክለብ የክልልና የብሔር ባንዲራ ሆኖ ሲቆጠር አይተናል። በኅዳር ወር ከወልድያና ከመቀሌ ግጥሚያ ጋር በተያያዘ ወልድያ ላይ ሁከት ተነሣ። በዚያው ሰሞን በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በብሔር የተቧደነ ግጭት ተቀስቅሶ ተማሪዎች፣ የእኛው ቢጤዎች፣ ሞቱ። ይህን ያመጣው ዝማሬ ነው አንልም፤ መንሥኤው ከኳስ እጅግ ይሰፋል። ነገር ግን ከመታኮስ በፊት መለያየት፣ ከመለያየት በፊት አብሮ መሳደብ ይቀድማል። ስታዲየም ደግሞ ሰው ብቻውን ሊለው የሚያፍረውን ከብዙ ሰው ጋር ሆኖ የሚለማመድበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ለራሳችን መመዘኛ እናብጅ። ዳኛውን «ሌባ!» ማለት ባለጌነት ነው፤ ቢሆንም የሰደበው የዛሬውን ሥራውን ነው። አጥቂውን «ደካማ» ማለት ያበሽቃል፤ ግን አጥቂው ጎል አግብቶ ይመልሳል። ሰው ያልመረጠውንና ሊለውጠው የማይችለውን፣ ማለት ዘሩን፣ እምነቱን፣ ቆዳውን፣ የሞቱበትን ሰዎች የሚነካ ዝማሬ ግን ፊሽካው ሲነፋ አያበቃም፤ ተሰዳቢው ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል። የገና ልማድ የሚለካባቸው ሦስቱ ነገሮች፣ ጊዜው፣ መልሱና አቅጣጫው፣ ዛሬም ይሠራሉ።

በግቢያችን የፋኩልቲዎች ውድድር በመጣ ቁጥር ጥሩ ጥሩ ገጣሚዎች እንዳሉን እናያለን። ይግጠሙ! የሕጉን ተማሪ በክርክሩ፣ የኢንጂነሪንጉን በካልኩሌተሩ፣ እኛንም የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎቹን በሥራ ማጣታችን ያብሽቁን። መልስ አናጣም። ከመካከላችን አንዱ ወደ ሰው ትውልድ ቦታ የሚሄድ ግጥም ሲያነሣ ግን ተቀባይ አንሁንለት። ዝማሬ ያለ ተቀባይ አይቆምምና፣ ሕግ ሳይመጣ፣ ፖሊስ ሳይጠራ እዚያው አፉ ላይ ይቀራል።