ተሽከርካሪን በተሳቢ ላይ መጫን፤ ከሰርከስ ባቡር እስከ ሽርሽር ተሳቢ

አንድን ተሽከርካሪ በገዛ መንኮራኩሩ አስኪዶ በሌላ ተሽከርካሪ ላይ መጫን ለተመልካች ቀላል ሥራ ይመስላል። ሳንቃ ከመሬት ወደ ወለሉ ይጋደማል፤ ተሽከርካሪው ይወጣል፤ ይታሠራል፤ ጉዞው ይቀጥላል። ይሁን እንጂ የሥራውን ታሪክ ስንመረምር አንድ የሚያሳስብ ነገር እናገኛለን። ይኸውም መወጣጫው ባለፉት መቶ ኀምሳ ዓመታት እየተሻሻለ ሲመጣ፣ በዙሪያው ይቆም የነበረው የሠራተኛ ጓድ እየተመናመነ ሄዶ፣ ዛሬ ሥራው በሞላ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ መውደቁ ነው።

ሥራውን መልክና ሥርዓት ካስያዙት መካከል ግንባር ቀደሞቹ የአሜሪካ የሰርከስ ሠራተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1872 የባርነም ሰርከስ በባቡር መጓዝ ሲጀምር፣ የባርነም ባልደረባ የነበሩት ዊልያም ካሜሮን ኮፕ ጋሪዎቹን ከባቡሩ ጫፍ የመጫን ዘዴ ሥራ ላይ አዋሉ። በመጨረሻው ጠፍጣፋ ፉርጎ ጫፍ ሁለት ተዳፋት ሳንቃዎች ይጋደማሉ፤ በፉርጎና በፉርጎ መካከል ያለው ክፍተት በብረት ሰሌዳ ይሸፈናል፤ ከባቡሩ ጎን የሚራመዱ ፈረሶች በገመድ ሲጎትቱ ጋሪው ከአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው እየተሻገረ ከቦታው ይደርሳል። ጭነቱ ከባድ፣ ወለሉ ጠባብ ነው፤ ሥራው የሚፈጸመውም ብዙውን ጊዜ በሌሊት ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የታወቀ ድርሻ ነበረው። አንዱ የጋሪውን መሪ ዘንግ ይዞ አቅጣጫ ያስጠብቃል፤ ሌላው ታኮ ይዞ መንኮራኩሩን ይከተላል፤ ጋሪው በሚወርድበት ጊዜ ደግሞ አንዱ ገመዱን በምሰሶ ላይ ጠምጥሞ፣ በሰበቃው ኃይል ፍጥነቱን እየገታ ቀስ በቀስ ይለቀዋል። የከፋው ዕጣ የዘንግ ያዡ ነበር፤ መንኮራኩሩ እንቅፋት ባገኘው ቁጥር ዘንጉ በድንገት ተወራጭቶ ሊመታው ይችላልና። በአገራችን የከባድ መኪና ረዳት ታኮውን ይዞ ከጋቢና ሲዘል ያየ አንባቢ ይህን የሥራ ክፍፍል በቀላሉ ይገነዘበዋል።

ሌላው ታላቅ ለውጥ ከባሕር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1937 ቪክቶር ክሩላክ የተባሉ ወጣት የአሜሪካ ማሪን መኮንን በሻንጋይ ውጊያ ላይ የጃፓንን ጀልባዎች ፎቶግራፍ አነሡ፤ የጀልባዎቹ የፊት ግድግዳ ወደ ታች ሲጋደም መወጣጫ ይሆን ነበር። ሪፖርታቸው ለጊዜው ሰሚ አላገኘም። በ1941 ግን የኒው ኦርሊንሱ ጀልባ ሠሪ አንድሩ ሂጊንስ ይህንኑ አሳብ በራሳቸው ጀልባ ላይ አዋሉት፤ ጀልባውም 36 ወታደሮችን፣ ወይም አንድ ጂፕ ከ12 ሰዎች ጋር ለመጫን በቃ። ግድግዳውና መወጣጫው አንድ አካል ሆኑ ማለት ነው። ዛሬ በሽርሽር ተሳቢ ጀርባ የምናየው ተጋዳሚ በር የዚሁ አሳብ ዘመድ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ጂፑ ለሽርሽር ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ሆንዳ ባለ ሦስት ጎማና ክብደቱ ከ100 ኪሎ ግራም በታች የሆነ የአሸዋና የጭቃ ተሽከርካሪ ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። ሁለት ጎልማሶች አንሥተው ፒክ አፕ ላይ ሊያወጡት ስለሚችሉ መወጣጫ እምብዛም አላስፈለገውም። በ1982 ሱዙኪ ባለ አራት ጎማውን አስከተለ። ባለ ሦስት ጎማው እየተገለበጠ ብዙ ሰው ስለጎዳ፣ በ1988 አምራቾቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ባደረጉት ስምምነት ሽያጩን አቆሙ። ከዚያ ወዲህ ተሽከርካሪው እየሰፋና እየከበደ ሄደ፤ ያማሃ በ2003 ያወጣው፣ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ራይኖ ከ450 ኪሎ ግራም ይበልጥ ነበር። ይህን ተሸክሞ የሚያወጣ ጎልማሳ የለም።

የሽርሽር ተሳቢ እንግዲህ ይህን ክብደት ከመኝታና ከማእድ ቤት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሳድር ነው። አሜሪካኖች «የመጫወቻ ጎታች» ይሉታል፤ በእኔ አስተያየት ስሙ ሥራውን ያቃልለዋል። ጋራዡ ብዙውን ጊዜ ከአክስሎቹ በስተኋላ ስለሚገኝ፣ የሚጫነው ተሽከርካሪ የተሳቢውን አፍንጫ ወደ ላይ ያነሣል። ለምሳሌ ከአክስሉ እስከ መጎተቻው መንጠቆ 5 ሜትር ቢሆንና 450 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሽከርካሪ ከአክስሉ በ1 ሜትር ርቀት በስተኋላ ቢቆም፣ መንጠቆው ላይ የሚያርፈው ክብደት በ90 ኪሎ ግራም ይቀንሳል። ገና ሲገባ፣ 2 ሜትር ተኩል በስተኋላ ሳለ፣ ቅነሳው 225 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ከጎታች መኪናው ያልተያያዘ ተሳቢ በዚህች ቅጽበት አፍንጫውን አንሥቶ በጅራቱ ሊቀመጥ ይችላል፤ ነጂው ያለውም መወጣጫው ላይ ነው። በጉዞም ጊዜ ከጠቅላላው የተሳቢ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት፤ 4,000 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ተሳቢ ከ400 እስከ 600 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ከዚህ ሲያንስ ጅራቱ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ጎታቹንም ከመንገድ ሊያስወጣው ይችላል። ንድፍ አውጪዎች ይህን አስቀድመው በማሰብ ባዶውን ተሳቢ ሆን ብለው አፍንጫ ከባድ ያደርጉታል። ስለሆነም ባዶውን መዝኖ የረካ ሰው ገና ምንም አልመዘነም።

የሰርከሱ ጓድ ተከፋፍሎ ይሠራው የነበረውን አሁን አንዱ ሰው በተራ ይሠራዋል። ተሳቢውን ከመኪናው ጋር ያያይዛል፤ የእጅ ፍሬን ይስባል፤ ታኮውን ያስገባል፤ የመወጣጫው ጫፍ መሬቱን በደንብ መርገጡን ያያል። መወጣጫው አጭርና ቀጥ ያለ ከሆነ የተሽከርካሪው ፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ስለሚችል፣ ዝቅ ያለ ስፍራ ፈልጎ የተሳቢውን ጀርባ ወደ ከፍታው ማዞር ይበጃል። ሁለተኛ ሰው ከተገኘ ነጂው ሊያየው በሚችልበት ጎን ይቁም እንጂ ከተሽከርካሪው በስተኋላ ፈጽሞ አይቁም። ከፊት ግድግዳ ላይ የሚተከለው ዊንች ገመድ ጠምጣሚውን የሰርከስ ሠራተኛ በከፊል ይተካዋል፤ ነጂውን ከኮርቻው ያወርደዋልና። ከዚያም ተሽከርካሪው በአራቱም ማዕዘን ወለሉ ላይ ባሉት ቀለበቶች ይጠፈራል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላም ቆሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

የሰርከስ ሠራተኞች ያልገጠማቸው አንድ ነገር ግን አለ። እነርሱ የጫኑት ጋሪ ቤንዚን አልነበረውም። በሽርሽር ተሳቢ ውስጥ ሰዎች የሚተኙት ሞተሩ ባረፈበት ወለል ላይ ነው፤ የቤንዚን ትነትም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየተሳበ እስከ ምድጃው ይደርሳል። ስለዚህ የቤንዚኑ መዝጊያ ይዘጋል፣ የምድጃው ጋዝ ይጠፋል፤ ተሽከርካሪው ከወረደ በኋላ በሩና መስኮቶቹ ተከፍተው ወለሉ በሚገባ እስኪናፈስ ድረስ አልጋው አይዘረጋም።