የአትላንታ ወርዋሪዎች

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ዛሬ የማወጋችሁ በአሜሪካ ደቡብ፣ በአትላንታ ከተማ ስለሆነ ነገር ነው። አትላንታን መቼም የማያውቃት የለም፤ በ1996 ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን፣ በማግስቱ ደግሞ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10 ሺህ ሜትሩን አሸንፈው እኛን እዚህ እልል ያሰኙባት ከተማ ናት። ያ የኦሎምፒክ ስታዲየም በዓመቱ ከፊሉ ፈርሶ፣ ተስተካክሎ፣ የቤዝቦል ሜዳ ሆነና ብሬቭስ የሚባለው የከተማዋ ቡድን ተረከበው። የእኔ ወሬ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ ያ ቡድን ወርዋሪዎቹን እንዴት አድርጎ እንደ ሰበሰበ ነው የምነግራችሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

ቤዝቦል ሲጫወቱ አንድ ሰው ሜዳው መሀል ከአፈር ጉብታ ላይ ይቆምና ከ18 ሜትር በላይ ርቆ ዱላ ይዞ ለሚጠብቀው መቺ ኳስ ይወረውራል፤ ጨዋታው የሚቃናውም የሚበላሸውም በአብዛኛው በእሱ እጅ ነው። ዓመቱ ደግሞ ረጅም ነው፤ 162 ጨዋታ አለ፣ በዚያ ዘመን ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር መግቢያ ይዘልቅ ነበር፣ የሚጫወቱትም በየቀኑ ነው ማለት ይቻላል፤ የሰው ክንድ ግን በየቀኑ እንዲህ አይወረውርም። ስለዚህ ቡድኖች በአብዛኛው ጨዋታ የሚከፍቱ አምስት ወርዋሪዎች ይይዙና በተራ ያሰልፏቸዋል፤ ዛሬ የወረወረው ቢያንስ አራት ቀን ያርፋል፣ ከዚያም ተራው ይደርሰዋል። ሁለት ብርቱ ወርዋሪ ብቻ ያለው ቡድን ከአምስቱ ቀን ሦስቱን በስጋት ያሳልፋል።

በ1985 መገባደጃ ላይ አቶ ቦቢ ኮክስ የብሬቭስ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ሲመጡ ቡድኑ ደካማ ነበር፤ ከተጫዋቾቹም ይልቅ ገና በታችኛው ሊግ ያሉት ልጆች ተስፋ ይሰጡ ነበር። ከእነሱ አንዱ ቶም ግላቪን ነው፤ ከማሳቹሴትስ የመጣ ግራኝ፣ በረዶ ላይ በሚጫወቱት ሆኪም በአንድ ቡድን የተመረጠ፣ በኋላ ግን ሆኪውን ትቶ ኳስ ውርወራውን የያዘ። ከዚያም ኦገስት 1987 ሆነ፣ የዲትሮይት ቡድን ለዋንጫ ሲጣደፍ አንድ የበሰለ ወርዋሪ ፈለገ፣ ብሬቭስም ዶይል አሌክሳንደር የተባለውን የ36 ዓመት ሰው ሰጠ፣ በምትኩም ጆን ስሞልትዝ የሚባል የ20 ዓመት ልጅ ተቀበለ። አሌክሳንደር ለዲትሮይት ወርውሮ ዘጠኝ አሸነፈ፣ አንድም አልተሸነፈ፤ ዲትሮይቶች በዚያ መኸር ደስ አላቸው። ስሞልትዝ ግን እዚያው ሚቺጋን ያደገ፣ ከልጅነቱ የዲትሮይትን ቡድን የሚወድ ልጅ ነበርና የሚወደው ቡድን ሲሸኘው ምን እንደተሰማው እናንተው ገምቱት። በ1988 ደግሞ ስቲቭ ኤቨሪ ቡድኖች ተራ በተራ ወጣቶችን በሚመርጡበት ምርጫ ሦስተኛ ሆኖ ተወሰደ፤ እሱም ግራኝ፣ እሱም የሚቺጋን ልጅ፣ ገና 18 ዓመቱ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነውና። በዚያ በ1988 ብሬቭስ 106 ጨዋታ ተሸነፈ። ግላቪን ብቻውን 17 ተሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤቨሪ ተራው ደረሰና ሦስት አሸንፎ 11 ተሸነፈ። የያን ጊዜው ስታዲየማቸው ጭር ይል ነበር፤ የጆርጂያ በጋ ደግሞ ምሽቱ እንኳ የሚወብቅ፣ ሸሚዝ ከጀርባ የሚጣበቅበት ነው፤ በዚያ ሙቀት ልጅ ሆኖ እየተመቱ ከጉብታው ላይ መቆም ከባድ ነው። ሌላ ቡድን ቢሆን ይሸጣቸው ነበር፣ ወይም ወደ ታች መልሶ ይረሳቸው ነበር። የብሬቭስ ሰዎች ግን ልጁ ሲሸነፍ በአምስተኛው ቀን ኳሱን መልሰው ለእሱው ይሰጡታል፣ ከዚያም ይሸነፋል፣ ከዚያም መልሰው ይሰጡታል። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዋንጫውም ከገንዘቡም ይልቅ የማከብረው ይህን ነው።

በ1990 አጋማሽ አቶ ቦቢ ኮክስ የሥራ አስኪያጅነቱን ወንበር ትተው ወደ ሜዳ ወረዱና አሰላፊ ሆኑ፤ ሊዮ ማዞኒንም የወርዋሪዎች አሰልጣኝ አድርገው አመጡ። ማዞኒ ራሱ ወርዋሪ ነበር፤ ዓመታት በታችኛው ሊግ ሲንከራተት ኖሮ ከላይኛው ሊግ ሳይደርስ የቀረ ሰው ነው። ጨዋታ ሲካሄድ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በዚያ ነው። ከቀድሞው ወርዋሪ ከጆኒ ሴን የቀሰመውን ዘዴ ይዞ መጣ፦ በሁለት ጨዋታ መሀል ክንዱን ዝም ብለህ አታሳርፈው፣ ሁለት ጊዜ ወርውር፣ ግን ጉልበትህን ሳትጨርስ፣ በዝግታ፣ ኳሱን ከመቺው ዝቅና ራቅ አድርገህ። ያን ጊዜ ብዙዎቹ ቡድኖች አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚያስወረውሩት። በዚያው መኸር አቶ ጆን ሹርሆልዝ ከካንሳስ ሲቲ መጥተው የሥራ አስኪያጅነቱን ወንበር ያዙ።

ከዚያም 1991 ሆነ፣ መጨረሻ የነበረው ቡድን መጀመሪያ ሆነ፣ ለዋንጫውም ከሚኒሶታ ጋር ሰባተኛ ጨዋታ ደረሰ፣ ስሞልትዝ ወረወረ፣ በትርፍ ዙር 1 ለ 0 ተሸነፉ። በ1992ም ደረሱ፣ በቶሮንቶ ተሸነፉ። ሁለት ዓመት ከዋንጫው ደጃፍ ደርሶ የተመለሰ ሰው ክረምቱን ምን እያሰበ እንደሚያሳልፍ አትጠይቁኝ።

በዚያ ክረምት ግሬግ ማደክስ ከቺካጎ ቡድን ጋር የነበረውን ውል ጨርሶ ነፃ ሆኖ ነበር። የ26 ዓመት ሰው፣ ከሜዳ ውጭ መነጽር የሚያደርግ፣ ሲያዩት የቢሮ ጸሐፊ የሚመስል፣ ኳሱም እንደ ሌሎቹ የማይፈጥን፤ ግን ባሰባት ቦታ ላይ የሚያሳርፋት፣ በ1992ም 20 ጨዋታ አሸንፎ የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ የተባለበትን የሳይ ያንግ ሽልማት የወሰደ። የኒው ዮርኩ ያንኪስ ወደ 34 ሚሊዮን ዶላር እንዳቀረበለት በጊዜው ተነግሯል። እሱ ግን ዲሴምበር 9 ቀን ለአምስት ዓመት በ28 ሚሊዮን ከአትላንታ ጋር ፈረመ። ማሸነፍ የሚችል ቡድን ፈለገ፤ ያን ቡድን ደግሞ እነዚያ ሲመቱ የኖሩት ልጆች ናቸው ያቆሙት። ገንዘብ ብቻውን አላመጣውም፤ ከእሱ በፊት ሦስት ወርዋሪ ባይኖር ኖሮ የሚመጣም አይመስለኝም።

ቦታ ሲሞላ ግን ቦታ የሚለቅ አለ። ቻርሊ ሊብራንት በ1991 15፣ በ1992ም 15 ጨዋታ ያሸነፈ አንጋፋ ነው፤ በሁለቱም የዋንጫ ፍልሚያዎች ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ጨዋታውን የወሰነችውን ምት ያስመታውም እሱ ሆነ። በዚያው ዲሴምበር ለማደክስ ደመወዝ ቦታ እንዲከፈት ወደ ቴክሳስ ተሸኘ። ሰዎች እነዚያን ሁለት ምቶች ያስታውሳሉ፤ 30ውን ድል ግን ማንም አያነሣለትም፣ ይህም ያሳዝነኛል።

ፌብሩዋሪ ሲሆን ወርዋሪዎቹ ከሌሎቹ ቀድመው ወደ ፍሎሪዳ፣ ወደ ዌስት ፓልም ቢች ወረዱ። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ወርዋሪና ተቀባይ ይቀድማሉ፣ ክንድ ለመፍታት ጊዜ ይፈልጋልና። መጀመሪያ ቀስ ብለው ይወረውራሉ፣ ከዚያም ትንሽ ያፈጥናሉ፣ ከዚያም በልምምድ ጨዋታ ሁለት ዙር፣ ከሳምንት በኋላ ሦስት፣ ከዚያም አምስት ስድስት፣ እንዲህ እያለ ማርች ያልቃል። ክንድ ልክ እንደ አዲስ ምጣድ ነው፣ ቀስ በቀስ ካልተሟሸ ይሰነጠቃል። ለአምስተኛው ቦታ ፒት ስሚዝ ተያዘ፣ በ1992 ሰባት አሸንፎ አንድም ያልተሸነፈ። ግላቪንና ኤቨሪ ግራኝ፣ ማደክስና ስሞልትዝ ቀኝ ስለሆኑ መቺዎቹ ዛሬ የለመዱትን እጅ ነገ አያገኙትም።

ውድድሩ በኤፕሪል ሲከፈት ማደክስ ለአዲሱ ቡድኑ የወረወረው እዚያው ቺካጎ፣ በለቀቀው ሜዳ ላይ ነው፤ 1 ለ 0 አሸነፉ። ከዚያ ዓመቱ ሄደ፤ ግላቪን 22፣ ማደክስ 20፣ ኤቨሪ 18፣ ስሞልትዝ 15 አሸነፉ፣ ቡድኑ 104፣ ተፎካካሪው ሳን ፍራንሲስኮ 103። ከዚያ በማጣሪያው በፊላደልፊያ ቡድን ተሸነፉ፤ ዋንጫው የመጣው በ1995 ነው፣ ግላቪን በመጨረሻው ጨዋታ ስምንት ዙር ወርውሮ አንድ ምት ብቻ ፈቅዶ፣ 1 ለ 0።

በ2014 ማደክስ፣ ግላቪንና አቶ ቦቢ ኮክስ በአንድ ቀን ኩፐርስታውን በሚገኘው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ገቡ፤ ስሞልትዝ በዓመቱ፣ አቶ ሹርሆልዝ በ2017 ተከተሉ። ኤቨሪ አልገባም፤ በ1993 መጨረሻ ላይ ብብቱ ሥር ጡንቻው ተጎዳና እንደ ቀድሞው መሆን አልቻለም። እናንተ ግን ስለ እነዚያ ሦስቱ ወርዋሪዎች ስታወሩ የእሱንም ስም አብራችሁ አንሡልኝ፤ ያን ጊዜ 18 ጨዋታ ሲያሸንፍ ገና 23 ዓመቱ ነበር።