የቃል ማብራሪያ፦ ስል ኃይል

እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደይ ወራት የሞልዶቫ ፖሊስ በቺሺናው አውሮፕላን ማረፊያ ከሞስኮ ስብሰባ የተመለሱ መንገደኞችን ሲፈትሽ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ አገኘ። ብዙዎቹ የያዙት ከ10,000 ዩሮ ጥቂት ዝቅ ያለ ነበር፤ ከዚያ በላይ የያዘ ለጉምሩክ ማሳወቅ አለበትና። በየሰዉ ሲታይ ጥፋት የለም። ሲደመር ግን፣ ምርጫ ወራት በቀሩት አገር ውስጥ፣ ደህና የፓርቲ በጀት ይወጣዋል።

እንዲህ ያለውን ሥራ ፈረንጆቹ «ሻርፕ ፓወር» ይሉታል። በአማርኛ «ስል ኃይል» ብንለው ይስማማል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ2017 ያስተዋወቁት ክሪስቶፈር ዎከርና ጄሲካ ሉድዊግ ናቸው። የፖለቲካ ምሁሩ ጆሴፍ ናይ በ1990 ያመጣው «ለስላሳ ኃይል» በፊልም፣ በትምህርትና በአኗኗር ማርኮ የሚስብ ነው። ሩሲያና ቻይና በውጭ የሚሠሩት ግን፣ ይላሉ ሁለቱ ጸሐፊዎች፣ መወደድን አይጠይቅም፤ የሌላውን አገር የፖለቲካና የመረጃ መድረክ ቀዶ ይገባል። «ድብቅ ተጽዕኖ» ብንል ትርጉሙን ያደርስልናል፤ ከለስላሳው ጋር ያለው ተቃርኖ ግን ይጠፋል።

ናይ በ2018 ሲመልስ መለያው ግልጽነት ነው አለ። የቻይናው ዜና አገልግሎት ሺንዋ በስሙ ሲያሰራጭ ለስላሳ ኃይል ነው፤ ቻይና ራዲዮ ኢንተርናሽናል በ14 አገሮች 33 ጣቢያዎችን ተደብቆ ሲደግፍ ግን መስመሩ ታልፏል። እኔም የቃሉ ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጥያቄው «ከውጭ መጣ ወይ?» ሳይሆን «ማንነቱን ደበቀ ወይ?» ይሆናል። ሩሲያ በ2006 የሞልዶቫን ወይን ከገበያዋ ስታግድ በቀን ብርሃን የተደረገ ጫና ነበር፤ ከባድ ቢሆንም ስል ኃይል አይባልም።

ወደ ሞልዶቫ እንመለስ። ጥቅምት 2024 ሕዝቡ የአውሮፓ ኅብረት አባልነት ግብ በሕገ መንግሥት ይስፈር አይስፈር ብሎ ድምፅ ሊሰጥ ነበር። ከዚያ በፊት ፖሊስ ከ130,000 በላይ ሰዎች ድምፃቸውን እንዲሸጡ ገንዘብ ተልኮላቸዋል አለ፤ መንገዱም የሩሲያ መንግሥት ባንክ ነው ተባለ። ገንዘቡን የሚያከፋፍለው መረብ ራስ ተብሎ የተጠቀሰው ኢላን ሾር ነው። ይህ ሰው በ2014 ከሞልዶቫ ባንኮች 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በጠፋበት ጉዳይ በሌለበት 15 ዓመት የተፈረደበት፣ ሞስኮ የተጠለለ ባለሀብት ነው። ክሱን ያስተባብላል። ውጤቱ? «አዎ» 50.35 በመቶ፤ ልዩነቱ 11,000 ድምፅ አይሞላም። አገር ውስጥ ከተሰጠው ድምፅ አብላጫው «አይሆንም» ነበር፤ ሚዛኑን የገለበጠው በውጭ የሚኖረው ሞልዶቫዊ ነው።

«አይሆንም» ያለው ሁሉ ተከፍሎታል ማለት ግን ስድብ ነው። የጋዝ ዋጋ ንሮበት ክረምቱን የተንገላታ ጡረተኛ የራሱ ምክንያት አለው። በሞልዶቫዋ ጋጋውዚያ ራስ ገዝ 95 በመቶ ያህሉ «አይሆንም» ያለው ሩሲያኛ ስለሚናገርና የሞስኮን ቴሌቪዥን ሲያይ ስለኖረም ጭምር ነው። ስል ኃይል ቁስል አይፈጥርም፤ ያለውን ፈልጎ ይገባበታል። ለዚህም ነው ፖሊስ ብቻውን የማይገታው።

ቃሉ የራሱ ጣጣም አለው። የወጣው ከናሽናል ኢንዳውመንት ፎር ዴሞክራሲ ነው፤ ይህ ተቋም በአሜሪካ ኮንግረስ በጀት የሚተዳደርና በሌሎች አገሮች ቡድኖችን በገንዘብ የሚደግፍ ስለሆነ፣ ሞስኮ «እናንተስ?» ብትል አይገርምም። መልሱ ያው የመደበቅ መለኪያ ነው፤ ሁሉን አያሳምንም። ከዚህ የባሰው መንግሥታት መለኪያውን ጥለው ጥርጣሬውን ብቻ ሲያነሡ ነው። ጆርጂያ በ2024 ከ20 በመቶ በላይ ገቢያቸው ከውጭ የሆኑ ማኅበራትና መገናኛ ብዙኃን የባዕድ ጥቅም አስፈጻሚ ተብለው እንዲመዘገቡ ስታዝዝ፣ ተቃዋሚዎች ሩሲያ በ2012 ያወጣችውን ሕግ አስታወሱ። ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብትና በዴሞክራሲ ላይ የሚሠሩ የኢትዮጵያ ማኅበራት ከ10 በመቶ በላይ ገቢ ከውጭ እንዳያገኙ ከልክሎ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2011 በሌላ አዋጅ እስኪተካ ብዙዎቹን አሽመድምዷል። ያ ገንዘብ ግን በባንክ፣ በውልና በደረሰኝ፣ የሰጪው ስም ተጽፎበት የሚገባ ነበር፤ በዚህ ቃል ሊጠራ አይችልም።